የመጋዝ ምርቃት

ይህን ታሪክ የምታነቡ ሁሉ አንድ ነገር አስቀድሜ ላሳስባችሁ፤ የምነግራችሁን በልኩ ያዙት። አትጨምሩበት፣ አትቀንሱለት። በየሰርጉና በየሰደቃው ሲነገር ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ ሳይዛባ የሰማሁት ግን ከስንት አንድ ጊዜ ነው። አንዱ ሣጥኖቹ ሦስት ነበሩ ይላል፤ ሁለት ነበሩ። ሌላው ጥቁሩ በእሳት ተቃጠለ ይላል፤ አልተቃጠለም። እንጨቱ ወይራ ነበር ብሎ የተከራከረኝም አለ፤ ወይራ አልነበረም፣ ዝግባና ዞጲ ነበር። እነዚህ ስሕተቶች ይቅር ይባሉ። ይቅር የማይባለው የሰውየውን ስም ማበላሸት ነው። እኒህ ሰው ሸህ ጦይብ ይባሉ ነበር። ሐጂ ጦይብ አይደለም፤ ሸህ ጦይብ። ‘ይህች ታህል ቃል ምን ታጣላለች?’ የሚል አንባቢ ቢኖር፣ እስከ መጨረሻው ታግሦ ያንብብ።

በድሮ ዘመን በሁለት ተራሮች መካከል የተቆረቆረች፣ ሐሙስ ሐሙስ የሚገበይባት አንዲት አሮጌ ከተማ ነበረች። ስሟ ለነገራችን አያስፈልግም። በዚያች ከተማ፣ ከትልቁ መስጊድ ግንብ ሥር፣ ሸህ ጦይብ የሚባሉ አናጺ ይኖሩ ነበር። ሱቃቸው ከፊት፣ ቤታቸው ከኋላ ነው፤ በመካከሉ ያለው አንድ መጋረጃ ብቻ። ኪታብ የቀሩ፣ ሃይማኖትን የተማሩ፣ አላህን የሚፈሩ፣ በንግግራቸው ቁጥብ የሆኑ ሰው ነበሩ። አዛን ሲሰሙ መጋዛቸውን ከእንጨቱ ሳይነቅሉ ይነሣሉ፤ መጋዙም ሰግደው እስኪመለሱ ድረስ እዚያው ተሰክቶ ይጠብቃቸዋል።

ሸህ ጦይብ በርና አልጋ ይሠራሉ፤ ቁርኣን የሚዘረጋበትን ረሕልም ይሠራሉ። ስማቸውን ያስጠራው ግን ለበጣ ነው፤ ይኸውም እንጨትን በእንጨት ማስጌጥ። አሠራሩን ልንገራችሁ፤ ያለ እርሱ ታሪኩ አይገባችሁምና። እንደ በግ ጆሮ የሳሳ አንድ ነጭ የዝግባ ገበታ፣ በልኩም የተሰነጠቀ አንድ ጥቁር የዞጲ ገበታ ያነባብራሉ። ከላይ አበባና ሐረግ ይስላሉ። ከዚያ «ቢስሚላህ» ብለው፣ እንደ ፀጉር በቀጠነ መጋዝ ሁለቱን ገበታ ባንድነት እየቆረጡ ሥዕሉን ይከተላሉ። ቆርጠው ሲጨርሱ ከጥቁሩ የወጣው አበባ በነጩ ገበታ ክፍተት ውስጥ ልክክ ብሎ ይገባል፤ በመካከላቸው ጥፍር አያስገባም። በሙጫ ያጣብቁታል፣ በሰም ያሹታል፤ በነጭ ሜዳ ላይ ጥቁር አበባ ይበቅላል።

እንግዲህ ልብ በሉ። ከነጩ የወጣውስ አበባ? እርሱም በጥቁሩ ገበታ ክፍተት ውስጥ ልክክ ይላል። ስለዚህ አንድ ጊዜ የሄደ መጋዝ መንታ ይወልዳል፤ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ጥቁር፣ አበባቸው አንድ። አናጺዎች ሁለተኛውን «የመጋዝ ምርቃት» ይሉታል። ነጋዴ እህል ሰፍሮ ከጨረሰ በኋላ በእፍኙ የሚጨምራት ምርቃት እንደምትባለው ማለት ነው። በሙያው ልማድ ምርቃቱ የአናጺው ሆኖ ይቀራል።

አንድ ቀን ሙርሰል የሚባል የጨርቅ ነጋዴ ወደ ሱቃቸው መጣ። ሙርሰል ቸር ነበር፤ ቸርነቱ ግን ሰው እንዲያይለት ይወድ ነበር። ያለችው አንዲት ልጅ ኸድራ ጡሃ ለሚባል ወጣት ልትዳር ቀን ተቆርጦላታል።

«ሸህ፣» አለ፣ «ለኸድራ የሙሽራ ሣጥን ይሥሩልኝ። ዝግባውንም ዞጲውንም እኔ ከሩቅ አገር አስጭኜ አመጣለሁ።»

«ኢንሻአላህ።»

«አምሳያ የሌላት ትሁን! ሰምተውኛል? በዚህ ከተማም በሌላም ከተማ እኅት የላትም የምትባል።»

ሸህ ጦይብ በዚያ ሰዓት አጎንብሰው የአልጋ እግር ይለኩ ነበር። ቀና እንኳ ሳይሉ፣ «አምሳያ አይኖራትም» አሉ።

የነገሩ ሁሉ መነሻ ይህች ቃል ናት። ዕድሜ ልካቸውን መንታ በሚወልድ መጋዝ የኖሩ ሰው፣ መንታ የሌለው ሥራ እሰጣለሁ ብለው ቃል ገቡ። እንዲህ ያለ ስሕተት የሚሠራው አናጺ ብቻ ነው፤ ሙያው ከእጁ ስለማይጠፋ ከሐሳቡ ይጠፋል።

አምስት ወር ሠሩ። ሰርጉ ዐሥራ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ረቡዕ ቀን ሲያዘቀዝቅ፣ ከአስር ሰላት በኋላ፣ ከሣጥኑ በመጨረሻ የቀረው፣ ፊቱ የሚሆነው ገበታ ተጠናቀቀ። ነጩን አንሥተው ከግድግዳው አስደገፉት፤ የሮማን አበባ፣ ቅጠሉ የነፋስ ሽውታ ያገኘው የሚመስል። ደስ አላቸውና «አልሐምዱሊላህ» አሉ። ከዚያ እጃቸው እንደ ልማዱ ጥቁሩን አነሣና ከጎኑ አስደገፈው። ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያዩ ያች ቃል ትዝ አለቻቸው፤ ቆመው ቀሩ።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ሸምሲያ መጋረጃውን ገለጥ አድርገው ቢያዩ ባላቸው እንደ ምሰሶ ተገትረዋል።

«ምን ሆኑ አንቱ? ጣትዎን ቆረጡት?»

«ጣቴስ ደኅና ነው። ቃሌን ነው የቆረጥኩት።» ነገሩን አስረዷቸው።

ወይዘሮ ሸምሲያ ሁለቱን ገበታ አዩ፣ ባላቸውንም አዩ። «ይህ ነው ጭንቁ? ጥቁሩን ለምድጃዬ ይስጡኛ። ዞጲ ፍሙ ያድራል ይባላል።»

«ኢስራፍ ነው፤ ማባከን። ደግሞም ባቃጥለው ሁለት መሆናቸው ይቀራል? አንዱን ገድዬ ‘አንድ ብቻ ነው’ ማለት ነው የሚሆነው።»

«እኔማ ለቀልድ ነው፤ ይህን አበባ አቃጥዬ ወጥ ቢጣፍጠኝ ነው?» ብለው ወደ ውስጥ ተመለሱ።

በማግስቱ፣ በገበያው ቀን፣ ሐጂ ሙጂብ መጡ። ሐጂ ሙጂብ የሲራራ አለቃ ናቸው፤ በየዓመቱ ነጋዴውንና ለሐጅ የሚሄደውን ሰው አስከትለው እስከ ወደቡ ይወርዳሉ፣ ከዚያም ባሕር ይሻገራሉ። ከሸህ ጦይብ ጋር በልጅነታቸው በአንድ ሸህ እግር ሥር ተቀምጠው ኪታብ የቀሩ ናቸውና አንተ ይባባላሉ። የዚያ ዓመት ሲራራ የሚነሣው ቅዳሜ ነበር፤ ሊሰናበቱ ነው የመጡት። ገና ከደጃፉ ሲደርሱ ዓይናቸው ጥቁሩ ገበታ ላይ ተተከለ።

«አንተ ጦይብ! ይህ ምንድን ነው?»

«እንጨት ነው።»

«ይህ እንጨት ከሆነ እኔም ግመል ነኝ! ስማ፣ በወደቡ አንድ ትልቅ ወዳጅ አለኝ፤ ዘንድሮ ምን እጅ መንሻ ልውሰድለት እያልኩ ስጨነቅ ሰንብቻለሁ። ይህን ስጠኝ። በቅሎው ከኔ፣ መርከቡ ከኔ፣ ስንቁ ከኔ፤ እስክትመለስ ድረስ የቤትህም ቀለብ ከኔ። ቅዳሜ አብረኸኝ ትነሣለህ። ሐጅ!»

መሮው ከሸህ ጦይብ እጅ ወደቀ። ከመጋረጃው ወዲያም አንድ ጭልፋ ሲወድቅ ተሰማ።

እዚህ ላይ የምነግራችሁ አለ። በሸህ ጦይብ ቤት፣ በገዛ እጃቸው በሠሩት ትንሽ ሣጥን ውስጥ፣ ሁለት ነጭ ጨርቅ ታጥፎ ከተቀመጠ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ኢሕራም ነው፤ ሐጅ የሚያደርግ ሰው የሚለብሰው ያልተሰፋ ጨርቅ። በየዓመቱ የዐረፋ በዓል ካለፈ በኋላ ወይዘሮ ሸምሲያ ያወጡታል፣ ያጥቡታል፣ ፀሐይ ላይ ያሰጡታል፣ መልሰው ያጥፉታል። «ለዘንድሮ አልሆነም፤ ለከርሞ ኢንሻአላህ» ይባባላሉ። የአናጺ እጅ የዓመቱን እንጀራ ይጋግር እንደሆነ እንጂ እስከ መካ አያደርስም ነበር። አሁን ግን መካ ራሷ ከሱቃቸው ደጃፍ ቆማ ጠራቻቸው።

«ምን ትጠብቃለህ?» አሉ ሐጂ ሙጂብ። «ሃያ ሁለት ዓመት መጠበቅ አልበቃህም?»

«ይህ ገበታ የሙርሰል ሣጥን መንታ ነው። አምሳያ አይኖራትም ብዬዋለሁ።»

«ታዲያ ወደቡ እኮ የአንድ ወር መንገድ ነው። ሙርሰል ከወዴት ያየዋል?»

«አያየውም።»

«እንግዲያውስ!»

«ሙጂብ፣ እዚያ ደርሼ ‘ለበይክ፣ ጌታዬ አቤት’ ስል ‘በምን መጣህ?’ ብባል ምን እመልሳለሁ? ‘ሙርሰልን በዋሸሁበት ሣጥን’ ልበል?»

ሐጂ ሙጂብ ጥምጥማቸው እስኪላላ ድረስ ሳቁ። «ቁርኣን ቤትም እንዲሁ ነበርክ! ሸሁ ሳያዩህ ያጠፋኸውን ራስህ ሄደህ የምትናገር።»

«አንተ ደግሞ ያንተንም በኔ ላይ አስደርበህ የምታስነግር።»

«አውፍ በለኝ፤ ልጅ ነበርኩ» አሉ ሐጂ ሙጂብ ጥምጥማቸውን እያጠበቁ። «እሺ፣ ምን ታደርጋለህ?»

«ነገ ከጁምዓ በኋላ ሙርሰልን እጠይቃለሁ። ከፈቀደ ገበታው ያንተ፣ መንገዱ የኔ።»

«ካልፈቀደስ?»

«ካልፈቀደ ሸምሲያ ጨርቁን ታጥባለች።»

በማግስቱ ሰው ከጁምዓ ሰላት ሲበተን፣ ሸህ ጦይብ ጥቁሩን ገበታ ራሳቸው ላይ አድርገው በገበያው መሃል አለፉ። ወይዘሮ ሸምሲያ «በጨርቅ ይሸፍኑት እንጂ» ብለዋቸው ነበር። «ሸፍኜ ከወሰድኩት የደበቅሁት ይመስላል» ብለው እምቢ አሉ። ፀሐይ ሲያርፍበት የሮማኑ አበባ ነጭ እሳት መሰለ። ከመስጊድ የሚመለሰው ሰው እየቆመ ያይ ጀመር።

«ሸህ! መስኮት ነው ወይስ በር?» ብሎ አንድ የጨው ነጋዴ ጮኸ።

«ጥፋቴ ነው!» አሉ ሳይቆሙ።

«እኔም እንዲህ ያለ ጥፋት በነበረኝ!» አለ ጨው ነጋዴው፤ ሰዉ ሣቀ።

የሙርሰል ግቢ በሰርግ ዝግጅት ተጨናንቋል። ሴቶቹ ድቤ እየመቱ እህል ይለቅማሉ፤ በግቢው መካከል የሰርጉ ቅቤ በትልቅ ድስት ይነጠራል፤ ከሥሩ እሳቱ ይንቀለቀላል። ሙርሰል ሸህን ሲያይ እየሣቀ ሊቀበላቸው ሄደ፤ ገበታው ከራሳቸው ሲወርድ ግን ሣቁ ቆመ።

«ይህ የኸድራ አበባ አይደለም? መደቡ ነጭ ይሆናል አላልንም?»

«ነጩም አለ። ሁለት ናቸው።»

«ሁለት?»

«መጋዜ ሲቆርጥ ሁለት ይወልዳል፤ ልማዱ ነው። አንተ ስትጠይቀኝ ይህን ማሰብ ነበረብኝ። አላሰብኩም፤ አፌ ከመጋዜ ቀደመ። አምሳያ የሌለው አንድ አላህ ብቻ ሆኖ ሳለ፣ እኔ ያንን ቃል ለእንጨት ሰጠሁት። እርሱን አውፍታ ጠይቄያለሁ፤ አሁን ደግሞ አንተን ልጠይቅ መጣሁ።»

የሙርሰል ፊት ቀላ። በግቢው የነበረው ሰው ሁሉ ይሰማ ነበርና አፈረ። «ለከተማው ሁሉ ‘የልጄ ሣጥን አምሳያ የላትም’ ብዬ ተናግሬያለሁ! ሸህ፣ ታዲያ ይህን በገበያ መሃል ተሸክመው መምጣት ነበረብዎ? ዝም ቢሉ ማን ያውቅ ነበር?»

«እኔ።»



ሸህ ጦይብ ቀጠሉ፦ «ልማዱ ምርቃቱን ለአናጺ ይሰጣል። የሰጠሁህ ቃል ግን ከልማዱ ይበልጣልና፣ ይህ ገበታ ያላንተ ፈቃድ ከእጄ አይወጣም። አንድ ሰው ይፈልገዋል። ብትፈቅድ ለርሱ እሰጣለሁ፤ ባትፈቅድ እንዳልክ ይሆናል።»

ልብ በሉ፤ መካን አላነሡም። ሃያ ሁለቱን ዓመት አላነሡም። ቢያነሡ ሙርሰል ለጋስ ነውና ወዲያው በፈቀደ። ያንን ያውቁ ነበር፤ ስለሚያውቁም ነው ያላነሡት። እውነትን ሊናገር የመጣ ሰው፣ ሰሚው እንዲያዝንለት አድርጎ መናገር አይገባውም ብለው ያምኑ ነበር።

ሙርሰል በንዴት እጁን ወደ ምድጃው ዘረጋ። «እንግዲያው እሳቱ ያውና! ይግባበትና ቃልዎ ይታረም።»

ድቤው ቆመ። ቅቤውን የምታማስለው ሴት ማማሰሉን ተወች። ሸህ ጦይብ ገበታውን አዩት። የአምስት ወር ድካም ነው፤ ከዚያም በላይ እስከ ዐረፋ ተራራ የሚያደርስ መንገድ ነው።

«እንጨቱ ያንተ ነው፤ ካልክ አስገባዋለሁ» አሉ በዝግታ። «ነገር ግን ነገ ሰው ቢጠይቀኝ ‘አንድ ነበረ’ አልልም። ‘ሁለት ነበሩ፣ አንዱን አቃጠልነው’ እላለሁ። እሳት እንጨት ያቃጥላል እንጂ ቃል አያርምም።» ይህን ብለው ገበታውን አንሥተው ወደ እሳቱ ሁለት እርምጃ ሄዱ።

«ሸህ፣ ቆዩ!»

ኸድራ ነበረች። ሙሽራ ናትና ከጓዳ አትወጣም ተብላ ነበር፤ እጆቿ ከክንዷ ድረስ በሂና ተለብጠው እንዳይነካኩ ወደ ላይ አንሥታ፣ ነጠላዋን በጥርሷ ይዛ ብቅ አለች። ነጠላውን ለአክስቷ ለዚያዳ አስይዛ ተናገረች።

«አባዬ፣ ጥንድ ሆኖ የተገኘ ሁሉ ይቃጠል ካልን፣ የኔን ሰርግ ለምን ትደግሳለህ?»

ወደ ጥቁሩ ገበታ በዓይኗ እያመለከተች ቀጠለች።

«ያለ አምሳያ ብቻዬን ልኑር ካልክ እሺ፣ ሣጥኔ አንድ ትሁን። ለጡሃ ከሰጠኸኝ ግን እርሱስ ልብሱን የት ያስቀምጣል? ነጩን ለኔ፣ ጥቁሩን ለርሱ አድርግልን።»

«እውነቷን ነው!» አሉ አክስቷ ዚያዳ፣ ድቤውን በጉልበታቸው መሃል እንደያዙ። «ባል ሣጥን ከሌለው ልብሱን መሬት ነው የሚጥለው! የኔው ሰውዬ ሠላሳ ዓመት ሲጥል ሠላሳ ዓመት ሳነሣ ነው ወገቤ የጎበጠው። ሙርሰል፣ ልጅህን ከዚህ አድናት!»

ግቢው በሣቅ ፈረሰ። ሙርሰል ለመቆጣት ሞከረ፤ ከንፈሩ ግን እምቢ አለው። በመጨረሻም ከሆዱ የመነጨ ሣቅ ገነፈለበትና ሸህ ጦይብን ከእሳቱ ዳር ትከሻቸውን ይዞ መለሳቸው።

«ሸህ፣ አውፍ ይበሉኝ። ‘የልጄ ሣጥን አምሳያ የላትም’ ብያለሁ፤ አሁን ደግሞ ‘አምሳያዋ ከባሏ ቤት ነው’ እላለሁ። ይህን ማን ያህለኛል? ለጡሃ ሁለተኛውን ሣጥን ይሥሩልኝ። በዐሥር ቀን ይደርሳል?»

ሸህ ጦይብ በዚህ ጊዜ ቶሎ አልመለሱም። ቆሙ፣ በጣታቸው ቆጠሩ፣ ሰማይ አዩ። ሴቶቹ ሁሉ እስኪመልሱ ጠበቁ።

«ክዳኑ ይደርሳል ኢንሻአላህ» አሉ። «መቆለፊያው ላይደርስ ይችላል።»

እልልታው ከግንቡ ወዲያ ተሰማ።

እንዲህ ሆኖ ገበታው የጡሃ ሆነ፤ ዐሥሩም ቀን ለሁለተኛው ሣጥን ተሰጠ። ቅዳሜ ማለዳ ሲራራው ሲነሣ ሸህ ጦይብ የእንጨት ብናኝ እንደለበሱ ወደ ከተማይቱ በር ወረዱ። ሐጂ ሙጂብ ከበቅሏቸው ላይ ሆነው ከሩቅ አይተዋቸው ተጣሩ።

«ጦይብ! ምን ሆነ?»

«ሸምሲያ ውኃ እያሞቀች ነው።»

ሐጂ ሙጂብ ገባቸው። ከበቅሎ ወርደው አቀፏቸው። «ከዚያ ምን ላምጣልህ?»

«ምንም። ከከዕባው ስትደርስ ስሜን ጥራልኝ። በልኩ ጥራው።»

«ጦይብ አናጺው ብዬ?»

«እርሱ ይበቃል።»

እንግዲህ ሸህ ጦይብ ለማንም ምንም አልተናገሩም ነበር። ወይዘሮ ሸምሲያ ግን፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ምላሳቸው እንደ ባላቸው ቁጥብ አልነበረም። ጨርቁን ግቢ አስጥተው ሳለ አንዲት ጎረቤት «ምነው፣ ዐረፋ ገና ሳይደርስ?» ብትላቸው፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገሯት። የጎረቤት ጆሮ የሰማው በገበያ ቀን ከተማ ያዳርሳል። በሰርጉ ዕለት ነገሩን የማያውቅ ሙርሰል ብቻ ነበር፤ ወጪና ገቢ አደንቁሮታልና።

ሰርጉ እንዴት ያማረ ነበር! ሁለት በቅሎ ተሸልሞ ጎን ለጎን ወጣ፤ በአንደኛው ነጩ ሣጥን፣ በሁለተኛው ጥቁሩ። ክዳኑ ደርሷል፤ መቆለፊያው አልደረሰም፤ በቦታውም በቀይ ሐር ክር ታስሯል። ሕፃን ሽማግሌው ተሰለፈ። መንገድ ዳር የቆመው ሰው አንዱን አይቶ ወደ ሌላው ሲዞር፣ ከሌላውም ወደ ፊተኛው ሲመለስ፣ አንገቱ ዕረፍት አጣ። ወይዘሮ ዚያዳ ከፊት ሆነው ድቤ እየመቱ፣ በዚያው ጧት የገጠሙትን አወጡ፤ ሴቶቹም ተቀበሏቸው፦

ስንቅም አልቋጠረ፣ መርከብም አልገባ፤
ሐጂ ጦይብ ደርሷል በእውነቱ ከከዕባ።

ሙርሰል ግጥሙን ሰማና ግራ ገባው። «ሐጂ? ሸህ መቼ ሐጅ ሄዱ?»

«አንተማ ምን ታውቃለህ!» አሉ ወይዘሮ ዚያዳ፤ ድቤውንም ሳያቆሙ በሁለት ቃል ነገሩት።  ሙርሰልም ሰልፉን ጥሶ ሸህ ጦይብን ከእጅጌያቸው ያዛቸው። ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

«ሸህ፣ ያን ዕለት ለምን አልነገሩኝም? ለሚመጣው ዓመት ይነሣሉ! በቅሎውም መርከቡም ከኔ። ይህ የሣጥኖቹ ሳይሆን የእውነትዎ ዋጋ ነው። እምቢ አይበሉኝ!»

ሰልፉ ቆመ፤ በቅሎዎቹም ቆሙ። ሸህ ጦይብ የሙርሰልን እጅ ከእጅጌያቸው አስለቅቀው በሁለት እጃቸው ያዙት። ያችን እስከ ዛሬ ድረስ የምትጠቀሰውን ቃል ያን ጊዜ ተናገሩ፦

«ልጄ፣ እውነቱን የነገርኩህ ዕዳዬ ስለነበረ ነው። ዕዳውን የከፈለ ሰው ዋጋ አይቀበልም፤ ምርቃት ግን ይቀበላል።»

ከዚያ እጃቸውን ለዱዓ ዘረጉ። ሙርሰል የተናገሩት ገባውና እርሱም ዘረጋ፤ ሰልፈኛው ሁሉ ዘረጋ። ሙርሰል መረቃቸው፤ እጃቸውን፣ ዓይናቸውን፣ ቤታቸውን፣ መጋዛቸውን ሳይቀር መረቀ። ያ ሁሉ ሰው ባንድ ድምፅ «አሚን!» ሲል በቅሎዎቹ ደነገጡ።

ሸህ ጦይብ ወደ ወይዘሮ ዚያዳ ዞሩ። «ዚያዳ፣ ዜማሽ ያማረ ነው። ግጥምሽ ግን ውሸት አለበት።»

«የቱ ጋ ነው ሸህ?»

«‘ሐጂ’ የሚለው። አልሄድኩም። ‘ከከዕባ ደርሷል’ የሚለውም። አልደረስኩም።»

«ሁለቱን ካወጣሁት ምን ይቀረኛል? ታዲያ ምን ልበል?»

«‘አናጺው ጦይብ ሁለት ሣጥን ሠራ’ በይ።»

«ይህማ ግጥም አይደለም!»

«አዎ፤ እውነት ብቻ ነው።»

ሙሽራይቱ ከመጋረጃዋ ውስጥ ስትሥቅ ተሰማ፤ ከዚያ ሁሉም ሣቀ፤ ሸህ ጦይብም ሣቁ። ወይዘሮ ዚያዳ ግን በድቤያቸው እልኸኛ ነበሩና «አናጺው ጦይብ ሁለት ሣጥን ሠራ» የሚለውን ይዘው፣ አንዴ እያስረዘሙ አንዴ እያሳጠሩ ዜማ አስገቡለት፤ ሰርገኛውም እስከ ሙሽራው ደጃፍ ድረስ ይህንኑ እያለ ጨፈረ። ቤት የማይመታው ያ ግጥም በዚያች ከተማ ሰርግ ላይ ለብዙ ዓመት ይዘፈን እንደነበር ሽማግሌዎች ነግረውኛል።

አሁን ወደ መጀመሪያዬ ልመለስ። ሸህ ጦይብ ሐጅ ሳያደርጉ ኖሩ። ጨርቁ በየዓመቱ ታጠበ፣ ተሰጣ፣ ታጠፈ፤ «ለከርሞ ኢንሻአላህ» ተባለ። ጎረቤቶቻቸው እንደሚሉት፣ ያ ጨርቅ ሲታጠብ ከዚያ ግቢ ሣቅ ይሰማ ነበር እንጂ እህህታ አልተሰማም።

‘በኒያቸው፣ በልባቸው ሐሳብ፣ አላህ ሐጅ ጽፎላቸዋል፤ እኛስ ሐጂ ብንላቸው ምን አለበት?’ ብሎ የጠየቀኝ አንድ ወጣት ነበር። መለስኩለት፦ አላህ የጻፈላቸውን አላህ ያውቃል፣ እዝነቱም ሰፊ ነው። የኛ ምላስ ግን የርሱ ብዕር አይደለችም። ሸህ ጦይብ ለአንዲት ሣጥን የማይገባትን ቃል ቢሰጧት እስከ እሳት ዳር አደረሰቻቸው፤ ለራሳቸው ደግሞ ያልሄዱበትን ስም ቢቀበሉ፣ አፋቸው ዳግም ከመጋዛቸው ቀደመ ማለት አይደለምን? ዛሬ ሰው ባልተማረው ትምህርት፣ ባልዘመተበት ዘመቻ፣ ባልሰጠው ሰደቃ ይጠራል፤ ሲጠሩት አቤት ይላል። ማክበራችን ነው ብለን የምንጨምረው ስም፣ ባለቤቱ በብዙ ድካም የጠበቀውን እውነት የሚሰርቅ ሊሆን ይችላል። ሸህ ጦይብን ያከበረ፣ ስማቸውን እርሳቸው ባቆሙበት ያቁመው።

ሣጥኖቹን የሠሩበትን ዋጋ ተቀበሉ። የሙርሰልን ይቅርታ ተቀበሉ። የከተማውን ሁሉ ምርቃት እጃቸውን ዘርግተው ተቀበሉ። ሐጂ መባልን ግን እስከ ዕለተ ሞታቸው አልተቀበሉም።